የቂሮስ አዋጅ፦ ዕዝራ 1 እና ዕዝራ 6 ለምን ይለያያሉ?

ብራና (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ሲሰበክም ሆነ ሲጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ዕዝራ 1፥1-4 ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኢሳይያስ 45 ይኬድና «እግዚአብሔር አሕዛብንም መሣሪያ ያደርጋል» ተብሎ ይዘጋል። አባባሉ ልክ ነው፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ሜዳ ላይ ይቀራል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ምዕራፍ 6 ላይ፣ ሁለተኛ የቂሮስ ጽሑፍ አለ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ዕዝራ 1 በዕብራይስጥ ነው። ሕዝብ እንዲሰማው የተነገረ አዋጅ ነውና ስለ መመለስ ይናገራል፤ «የሰማይ አምላክ» እያለ ይናገራል፤ ጎረቤቶች በብር፣ በወርቅና በእንስሳ እንዲረዱ ይጠይቃል። ስለ ሕንፃው መጠን ምንም የለውም።

ዕዝራ 6፥3-5 በአራማይክ ነው፤ የመንግሥቱ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ማለት ነው። ስለሚመለስ ሰው አንድም ቃል የለበትም። ያለው ልኬትና ወጪ ነው፦ ከፍታ 60 ክንድ፣ ወርድ 60 ክንድ፣ ግንቡ በ3 ተራ ታላላቅ ድንጋይና በ1 ተራ እንጨት፣ ወጪው ከንጉሡ ቤት፣ ናቡከደነፆር የወሰዳቸው ዕቃዎች ወደ ቦታቸው። አንዱ ለጆሮ የተነገረ፣ አንዱ ለግምጃ ቤቱ ሹም የተጻፈ ነው። ስለዚህ «ይጋጫሉ» የሚለው ክስ አይቆምም፤ የአንድ ውሳኔ ሁለት ወረቀቶች ናቸውና ሥራቸው ተለያየ።

ልኬቱ ላይ ተጠንቀቁ። ርዝመት አልተጻፈም። የሰሎሞን ቤተ መቅደስ በ1 ነገሥት 6፥2 መሠረት ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20፣ ከፍታው 30 ክንድ ነበር። የዕዝራን 60 በ60 እንዳለ ወስዶ «ሁለተኛው ቤት ከፊተኛው ይበልጥ ነበር» ብሎ ማስተማር ስሕተት ውስጥ ይከታል፤ ሐጌ 2፥3 የሚለው ተቃራኒውን ነው። የጎደለ ቃል ሊኖር ይችላል፤ ወይም ቁጥሩ ንጉሡ የሚከፍልበት ጣሪያ ነው፣ ከዚህ በላይ ከሠራችሁ ከራሳችሁ ማለት ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ወጪ የሚሸፍን መንግሥት ልክ ሳያበጅ አይፈርምምና። የ3 ተራ ድንጋይና የ1 ተራ እንጨት አሠራር ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ሰሎሞን ውስጠኛውን አደባባይ የሠራው እንዲሁ ነው (1 ነገሥት 6፥36)።

ጥያቄዬ፦ ይህን ስታስተምሩ በየትኛው ቅደም ተከተል ታስነብባላችሁ? ምዕራፍ 4 ላይ ሁሉም ሰው ይጠፋል።


ጠያቂዋ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር፦ «የቂሮስ ሲሊንደር» የሚባለው የሸክላ ጽሑፍ የአይሁድን ነፃ መውጣት ያወጀበት ነው ይባላል። ባርነትን እንደ ሻረ፣ የሃይማኖት ነፃነት እንደ ሰጠ የሚናገር ትርጉምም በየቴሌግራሙ ይዞራል። ይህ ዕዝራ 1 ላይ ያለው አዋጅ ራሱ ነው?


ሸክላ

እኅቴ፣ አይደለም። የሚዞረውም ትርጉም በአብዛኛው የፈጠራ ነው። ባርነትን ስለ መሻር የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ሸክላው ላይ የለም።

ሸክላው 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ወፈር ያለ በርሜል መሰል ነገር ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ ማለት ነው። ሆርሙዝድ ራሳም በ1879 ከባቢሎን ፍርስራሽ አወጣው፤ አሁን ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቋንቋው አካድኛ፣ ጽሕፈቱ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ነው፤ የተረፈው 45 መስመር ነው፣ ጫፍ ጫፉ ተሰባብሯል። የተሠራው በባቢሎን ቅጥር መሠረት ውስጥ ሊቀበር ነው። ያኔ ቅጥር የሚያድስ ንጉሥ ሁሉ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስቀብር ነበር፣ አማልክቱና ወደፊት የሚቆፍር ንጉሥ እንዲያነቡት። በ2010 አካባቢ ያንኑ ቃል የያዙ ሁለት የሸክላ ገበታ ስባሪዎች እዚያው ሙዚየም ውስጥ ተለይተዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ከመቀበሩ ሌላ ተገልብጦ ይነበብም ነበር።

ይዘቱስ? ናቦኒደስ የተባለው የባቢሎን ንጉሥ የባቢሎንን ዋና አምላክ የማርዱክን አምልኮ አበላሸ፤ ማርዱክ ተቆጣ፤ ጻድቅ ንጉሥ ፈልጎ የቂሮስን እጅ ያዘ፤ ያለ ጦርነት ባቢሎን አስገባው። የባቢሎን ሰዎች ቀንበር ቀለለላቸው። ከጤግሮስ ማዶ ያሉ ከተሞች፣ አሦር፣ ሱሳ፣ ኤሽኑና፣ ዴር እና ሌሎችም፣ አማልክታቸውና ሰዎቻቸው ወደየቦታቸው ተመለሱ። ይሁዳ የለም። ኢየሩሳሌም የለችም። የአይሁድ ስም አንድ ጊዜ አይነሳም።

ታዲያ ለዕዝራ ምን ይጠቅማል? አሠራሩን ያሳያል። የተሰበሰቡ አማልክትን ወደ መቅደሳቸው መመለስ፣ መቅደሱን ማደስ፣ ከዚያም ለንጉሡ እንዲጸለይ መጠየቅ የዚህ መንግሥት ልማድ ነበር። ከሸክላው መጨረሻ አካባቢ ቂሮስ የመለሳቸው አማልክት በየቀኑ ለእርሱና ለልጁ ለካምቢሰስ ረጅም ዕድሜ እንዲለምኑ ይጠይቃል። አሁን ዕዝራ 6፥9-10ን አንብቡ፦ ከቂሮስ በኋላ የነገሠው የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ለኢየሩሳሌም ካህናት ወይፈን፣ አውራ በግ፣ ጠቦት፣ ስንዴ፣ ጨው፣ ወይንና ዘይት በየቀኑ እንዲሰጣቸው ያዘዘው «ለንጉሡና ለልጆቹ ዕድሜ» እንዲጸልዩ ነው። አይሁድ ደግሞ የሚመለስ ምስል ስለሌላቸው፣ በምስሉ ቦታ የተመለሰው የቤተ መቅደሱ ዕቃ ሆነ።

«የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሰነድ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከ1971 ነው፤ የኢራኑ ሻህ የንጉሣዊውን ሥርዓት 2,500ኛ ዓመት ሲያከብር ሸክላው የበዓሉ ምልክት ሆነ፣ ቅጂውም ለተባበሩት መንግሥታት ተሰጠ። እስቲ ይህን ከማስተማሪያ ወረቀታችን እናውጣው።


ኤፍራጥስ

ሸክላ የጻፈው ላይ አንድ ማረሚያ፣ ወይም ማሟያ። «ያለ ጦርነት» የሚለው የድል አድራጊው ቃል ነው። በባቢሎናውያን የዘመን መዝገብ ላይ ነገሩ ቀን በቀን ተጽፏል፤ እርሱን ይዘን እናስተምር።

በ539 ቅ.ል.ክ.፣ ተሽሪቱ በተባለው ወር፣ ቂሮስ በጤግሮስ ዳር በኦፒስ ጦርነት አደረገ፤ እዚያ ሰው ታርዷል፣ ምርኮም ተወስዷል። በ14ኛው ቀን ሲፓር ያለ ውጊያ ተያዘች፣ ናቦኒደስ ሸሸ። በ16ኛው ቀን (በምዕራቡ አቆጣጠር ጥቅምት 12) የጉቲየም ገዥ ኡግባሩ ከቂሮስ ሠራዊት ጋር ባቢሎን ገባ። ቂሮስ ራሱ የገባው ከ17 ቀን በኋላ ነው። ባቢሎን በር ላይ ደም ያልፈሰሰው ኦፒስ ላይ ስለፈሰሰ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ኤፍራጥስን አቅጣጫ አስለውጦ በወንዙ አልጋ እንደ ገባ ይተርካል፤ መዝገቡ ግን ስለዚህ አይናገርም። በስብከት ላይ የወንዙን ትረካ ከኢሳይያስ 45፥1 በሮች ጋር አስተሳስሮ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። «ሄሮዶቱስ እንደሚለው» ብላችሁ ለዩት።

ናቦኒደስ 10 ዓመት ያህል በዐረብ ምድር በቴማ ተቀምጦ ነበር፤ ባቢሎንን የሚያስተዳድረው ልጁ ብልጣሶር ነው። ዳንኤል 5 ላይ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ለሚያነብ የተገባው ማዕረግ «ሦስተኛ» የሆነው በዚህ ነው ተብሎ ይብራራል፤ አባት አንደኛ፣ ልጅ ሁለተኛ። አማርኛ አንባቢ ላይ የሚደርስ ሌላ መደናገርም አለ፦ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሡም ብልጣሶር ነው፣ ለዳንኤል የተሰጠው የባቢሎን ስምም ብልጣሶር ነው። በዕብራይስጡ የተለያዩ ስሞች ናቸው። በጥናት ክፍል ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ግማሹ ሰው ዳንኤል ለራሱ ጽሕፈት የፈታ ይመስለዋል።

እግረ መንገዴን፣ ቂሮስ ሌላ፣ አቡነ ኪሮስ ሌላ። ልጆች ይጠይቃሉ።


ማኅቶት

ሁላችሁም ተባረኩ። ግን ልቤን የከበደው ነገር አለ። ቂሮስ በሸክላው ላይ ማርዱክን ካመሰገነ፣ ዕዝራ 1፥2 ላይ «የሰማይ አምላክ እግዚአብሔር የምድርን መንግሥታት ሁሉ ሰጠኝ» ሲል እየዋሸ ነበር? ኢሳይያስስ «የቀባው» ሲለው እንዴት እንረዳው? «ቂሮስ አምኖ ነበር» ብለው የሚያስተምሩ አሉ።


ብራና

ውድ ማኅቶት፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢሳይያስን ቃል ቀስ ብለን እናንብበው። ምዕራፍ 45 ቁጥር 4 እና 5 ላይ «አላወቅኸኝም» የሚለው ነገር ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ነቢዩ ቂሮስ እንዳላመነ አልደበቀም፤ እንዲያውም ነገሩ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ስሙን ጠራው፣ ማዕረግ ሰጠው፣ ወገቡን አስታጠቀው፣ እርሱ ግን አያውቅም። ቂሮስን አማኝ የሚያደርግ መምህር ሳያስበው የነቢዩን መከራከሪያ ይንደዋል።

«መቀባት» በብሉይ ኪዳን ስለ ግለሰቡ መዳን አይናገርም። ሹመት ነው። ኤልያስ በ1 ነገሥት 19፥15 በሶርያ ላይ አዛሄልን እንዲቀባ ታዝዟል፤ አዛሄል በኋላ በእስራኤል ላይ ያደረገውን ታውቃላችሁ። በዕብራይስጡ ኢሳይያስ 45፥1 ላይ ያለው ቃል «መሺሕ» ነው፤ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲተረጉሙት «ክርስቶስ» ብለው አስቀምጠውታል። ለእስራኤል ተማራኪዎች ይህን መስማት ቀላል አልነበረም። ቁጥር 9 እና 10 ላይ «ጭቃ ሠሪውን ምን ትሠራለህ ይለዋልን?» የሚለው ወቀሳ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከዳዊት ቤት ሳይሆን ከፋርስ ቤት መሆኑ ያጉረመረማቸው ሰዎች ነበሩ።

ዕዝራ 1፥2ን በተመለከተ፣ ቂሮስ ለባቢሎናውያን በማርዱክ ስም፣ ለአይሁድ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ። የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው። ውሸት ማለት አያስፈልግም፤ ብዙ አማልክት ለሚያምን ሰው ሁሉንም ማክበር እርስ በርሱ አይጋጭም። ዕዝራም ቢሆን «እግዚአብሔር የቂሮስን መንፈስ አስነሣ» አለ እንጂ «ቂሮስ ተመለሰ» አላለም።


ቀለም ቀንድ

የዕቃዎቹን ቆጠራ ማንም አላነሳውም፤ አስተማሪዎች የሚወድቁበት ቦታ ነው። ዕዝራ 1፥9-11 ላይ የግምጃ ቤቱ ሹም ሚትሪዳጡ ለይሁዳው መስፍን ለሰሳብሳር ቆጥሮ አስረከበ። ዝርዝሩ፦ 30 የወርቅ ሣህን፣ 1,000 የብር ሣህን፣ 29 ቢላዋ፣ 30 የወርቅ ጽዋ፣ 410 የብር ጽዋ፣ 1,000 ሌላ ዕቃ። ድምር ተብሎ የተጻፈው 5,400 ነው። እናንተው ደምሩት፦ 2,499 ብቻ ይሆናል።

በእኛ ዘንድ ዕዝራ ካልዕ የሚባለው መጽሐፍ፣ በግሪኩ፣ ሌላ ቁጥር ይዟል፦ 1,000 የወርቅ፣ 1,000 የብር፣ 29 ጥና፣ 30 የወርቅ ጽዋ፣ 2,410 የብር ጽዋ፣ 1,000 ሌላ፤ ድምሩ 5,469። ይህ ሲደመር አንድ ሳይጎድል ይገጥማል። ስለዚህ ዕብራይስጡ በመገልበጥ ላይ የተጎዳ ዝርዝር ይመስላል፤ 2,410 ወደ 410 ሲወርድ አስቡት፣ አንዲት ቃል ነው የጠፋችው። ግሪኩ ድምሩን ለማስተካከል የታረመ ሊሆንም ይችላል፤ ሁለቱንም ንገሩ።

የተመላሾቹም ቁጥር እንዲሁ ነው። ዕዝራ 2 እና ነህምያ 7 ጠቅላላውን 42,360 ይላሉ። ዝርዝሩ ሲደመር በዕዝራ 29,818፣ በነህምያ 31,089 ነው። መዘምራን በዕዝራ 200፣ በነህምያ 245። ነህምያ ላይ የሆነው ግልጽ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የበቅሎዎች ቁጥር 245 ስለሆነ የገልባጩ ዓይን ዘልሎ መጥቷል፤ በአንዳንድ ቅጂ የፈረሶቹና የበቅሎዎቹ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የለም። ብራና ላይ የጻፈ ሰው ይህን ያውቃል፦ መስመር ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ሲያልቅ ዓይን ይስታል።


ጠያቂዋ

ዓመቶቹን ሳሰላ 70 አልመጣልኝም። 586 ላይ ኢየሩሳሌም ወደቀች፣ 538 ላይ አዋጁ ወጣ፤ 48 ብቻ ነው።


ኤፍራጥስ

መነሻው ላይ ነው ጉዳዩ። ኤርምያስ 29፥10 «ለባቢሎን 70 ዓመት» ነው የሚለው፤ የባቢሎንን የግዛት ዘመን ይቆጥራል። የአሦር የመጨረሻው ኃይል በካራን ከተሰበረበት ከ609 እስከ 539 ቁጠሩ፣ 70 ይሆናል። ከመጀመሪያው ምርኮ፣ ከ605 ወደ 538 ከሄዳችሁ 67 ነው። መቅደሱ ከፈረሰበት ከ586 ተነሥቶ እስከ ተፈጸመበት እስከ 515 ያለው ደግሞ 70 ዓመት ገደማ ነው፤ ዘካርያስ 1፥12 በዳርዮስ 2ኛ ዓመት ስለ 70 ዓመት የሚጠይቀው ወደዚህኛው ስለሚጠጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ዓመቶች የታሪክ ጸሐፊዎች የምዕራቡን አቆጣጠር ተከትለው ያወጧቸው ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ፤ አንዱን ቀን ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው ሂሳቡን ያበላሻል። ደግሞ «ዓ.ዓ.» ብላችሁ አትጻፉ። በአንዳንድ መጻሕፍት ከልደት በፊት ማለት ነው፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ዓመተ ዓለም ከፍጥረት ተነሥቶ ወደ ልደት 5,500 የሚቆጥረው ነው። አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ ይሄዳል።


ማኅቶት

ኢሳይያስ 45፥14 ላይ ኢትዮጵያም አለች። ከቂሮስ ጋር ምን ያገናኛታል?


ሸክላ

እዚያ ያለችው ኩሽ ናት፤ ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር የነበረው መንግሥት። ምዕራፍ 43፥3 ላይ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ሳባ በእስራኤል ፋንታ እንደ ቤዛ ይሰጣሉ። ብዙ ተርጓሚዎች ሐሳቡን ለቂሮስ እንደሚሰጥ ካሳ ይረዱታል፦ ምርኮኛውን ይለቅቃል፣ በምትኩ ሀብታሙ ደቡብ ይሰጠዋል። ቂሮስ ግን ግብፅ አልደረሰም፤ በ530 ሞተ። ግብፅን የያዘው ልጁ ካምቢሰስ ነው፣ በ525። ወደ ኢትዮጵያም እንደ ዘመተ፣ ስንቅ አልቆበት ሠራዊቱ ተርቦ እንደ ተመለሰ ሄሮዶቱስ ይተርካል።

እዚያው ድንበር ላይ፣ አስዋን ፊት ለፊት ባለችው በኤሌፋንቲን ደሴት፣ የአይሁድ ወታደሮች የራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው። በ410 ፈረሰባቸው፤ በ407 ለይሁዳው ገዥ አቤቱታ ጻፉ። መልሱ በአራማይክ ተገኝቷል፤ «ማስታወሻ» ብሎ የሚጀምር አጭር ወረቀት ነው። ዕዝራ 6፥2 ላይ ያለውም ጽሑፍ የሚጀምረው በዚያው ዓይነት ቃል ነው። ወረቀቱ የእህል ቁርባንና ዕጣን ይፈቅዳል፤ አቤቱታው የጠየቀውን የሚቃጠል መሥዋዕት ግን አልጠቀሰውም።


ብራና

ሸክላ ያነሳው ወደ መጀመሪያ ጥያቄዬ መለሰኝ። ለማስነበብ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዕዝራ 1፤ ከዚያ 3፤ ከዚያ 4፥1-5፤ ከዚያ 4፥24ን አንብቦ ወደ 5 እና 6 መሻገር። 4፥6-23 ለሌላ ቀን ይቆይ፤ የአሕሻዊሮስና የአርጤክስስ ዘመን ነው፣ ከዳርዮስ በኋላ የመጣ። ጸሐፊው የተቃውሞን ነገር አንድ ላይ ሰብስቦ አስቀመጠው እንጂ በዘመን ቅደም ተከተል አልጻፈም። ይህን ያልለየ ሰው ዳርዮስን ከአርጤክስስ በኋላ ያደርገዋል።

እንዲህ ሲነበብ አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ይወጣል። ፈቃዱ በ538 ወጣ። መሠዊያው ቆመ፣ የዝግባ እንጨት ከሊባኖስ በባሕር ወደ ኢዮጴ መጣ፣ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ ሥራው እስከ 520 ቆመ። በእነዚያ ዓመታት አዋጁን የሻረ ንጉሥ አልነበረም። በምድሪቱ ያሉት አስፈራሯቸው፣ አማካሪ ገዙባቸው (4፥5)፤ ሐጌም በበኩሉ ሰዎቹ የራሳቸውን ቤት በሳንቃ እያስጌጡ እንደ ነበር ይናገራል። ማኅተም ያለበት ፈቃድ በእጃቸው ነው፤ ድንጋይ የሚያነሳ ግን ጠፋ።

ሥራው እንደገና ሲጀመር የወንዝ ማዶ (ከኤፍራጥስ በስተ ምዕራብ ያለው የፋርስ ግዛት) ገዥ ተንትናይ መጥቶ «ማን አዘዛችሁ?» አለ። ይህ ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭም ይታወቃል፤ በ502 ቅ.ል.ክ. በተጻፈ የባቢሎን የሸክላ ውል ላይ በዚሁ ሹመት ተጠቅሷል። ጠላት አድርጎ መሳል አይገባም፤ ሥራውን አላስቆመም (5፥5)፣ ስማቸውን መዘገበ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ መዝገብ እንዲፈተሽ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹም ሳይደባብቁ መለሱ፦ አባቶቻችን እግዚአብሔርን ስላስቆጡ ቤቱ ፈረሰ፤ በቂሮስ በ1ኛው ዓመት ትእዛዝ ወጣ፤ ሰሳብሳር ዕቃዎቹን ተረከበ። የንጉሥ ስም፣ ዓመት፣ የተረካቢ ስም። መዝገብ ፈላጊ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ፍለጋው በባቢሎን ተጀመረ። የተገኘው ግን በሜዶን፣ በአሕምታ ከተማ፣ በዛሬዋ ሐማዳን ነው፤ የፋርስ ነገሥታት በጋውን የሚያሳልፉባት ቀዝቃዛ ደጋ። ባቢሎን ውስጥ ያለው መዝገብ ቤት ብቻ ተፈትሾ «የለም» ቢባል ኖሮ ነገሩ በዚያው በቀረ። አንድ ስሙ ያልተጻፈ ጸሐፊ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ወይም ልኮ ጥቅልሉን ፈታ፤ በውስጡም 60 ክንድ፣ 60 ክንድ፣ 3 ተራ ድንጋይ፣ 1 ተራ እንጨት።


ቀለም ቀንድ

መምህር፣ 4፥6-23ን ለሌላ ቀን ስታቆዩት 4፥24ን «ያን ጊዜ» ከሚለው ቃል ጋር እንዳለ አታስነብቡ። ቃሉ ከላይ ወደ 4፥5 እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ አንባቢው የአርጤክስስን ደብዳቤ ነው ሥራውን በዳርዮስ ዘመን ያስቆመው ይላል።